የወንድሜን ታይሮይድ ያጠፉት የእኔ ሴሎች ናቸው?

ታላቅ እህት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ የእናንተን ግን ለወራት ሳነብ ቆይቻለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ታናሽ ወንድሜ 31 ዓመቱ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት በደም ካንሰር ታሞ የስቴም ሴል ንቅለ ተከላ ተደረገለት። ሰጪዋ እኔ ነኝ። አንድ እህት ወይም ወንድም ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው ብለውን ነበር። "ገጥመሻል" ሲሉኝ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የዛን ቀን ደስታዬን እስካሁን አልረሳሁትም። የዛሬው ጥያቄዬ የሚከብደኝም ለዚህ ነው።

ከንቅለ ተከላው በፊት ለሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ መላ ሰውነቱ ጨረር ተሰጠው። በድምሩ 12 ግሬይ። ከዚያ የእኔ ሴሎች በከረጢት መጡ። ከረጢቱ ትንሽ ነበር። ወንድሜ ቀና ብሎ አየውና "ይኸው ነው እንዴ?" አለ። እኔም እንደሱ ነበር ያሰብኩት።

ካንሰሩ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፣ ተመስገን። በስድስተኛው ወር ግን ጂቪኤችዲ ጀመረው። ለማታውቁት፣ የሰጪው ተከላካይ ሴሎች የተቀባዩን አካል እንደ ባዕድ ቆጥረው ሲያጠቁት ማለት ነው። አፉ ውስጥ ነጫጭ መስመሮች ወጡ። ዓይኑ ደረቀ። የክንዱ ቆዳ ጠጠረ። ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ ተጀመረለት፤ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ አሁን በቀን 5 ሚሊግራም ላይ ደርሷል።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ወንድሜ ሌላ ሰው ሆነብኝ። ድምፁ ጎረነነ፤ ስልክ ሲደውል አባቴ ይመስለኛል። ሌላው ሰው በሸሚዝ ሆኖ እሱ ሁለት ሹራብ ደርቦ ይቀመጣል። አንድ ነገር ጠይቄው መልሱ እስኪመጣ እኔ የጠየቅሁትን እረሳለሁ። ፊቱ አበጠ። የቅንድቡ የዳር ጸጉር ሳሳ። ሆዱ ደረቀ። ሁላችንም "ጂቪኤችዲው ነው"፣ "ስቴሮይዱ ነው" እያልን አለፍነው። ሐኪሞቹም እንደዚያው።

በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም ቲኤስኤች የሚባለው፣ ታይሮይድ ሲደክም ከፍ የሚለው ሆርሞን፣ እንዲለካ አዘዘ። 38 ሆኖ መጣ። ላብራቶሪው ጤነኛ የሚለው ከ0.4 እስከ 4.0 ነው። ታይሮይዱ ራሱ የሚያመርተው ሆርሞን፣ ፍሪ ቲፎሩ፣ 0.5 ነበር፣ ዝቅተኛው ወሰን 0.8 ሆኖ ሳለ። ፋይሉን ወደ ኋላ ሳገላብጥ ከዓመት በፊት ተለክቶ 6.8 እንደነበር አየሁ። ያኔ ማንም አላነሳውም። ወረቀቱን ይዤ ለረጅም ጊዜ ቆምኩ።

የታይሮይድ ሆርሞን ምትክ የሆነው ሌቮታይሮክሲን 50 ማይክሮግራም ተጀመረለት። ከሁለት ወር በኋላ 31። ወደ 75 ከፍ አለ። ከሁለት ወር በኋላ 29። አሁን ወደ 100 እናሳድገው እየተባለ ነው። ክኒን ሳይዘል ነው እንዲህ የሆነው። ይህን በደንብ አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ሳጥኑን የምሞላው እኔ ነኝ። እሁድ እሁድ ማታ ሰባት ክፍል ያለውን የክኒን ሳጥን ጠረጴዛ ላይ ከፍቼ እደረድርለታለሁ። ትንሿ ሌቮታይሮክሲን፣ ፕሬድኒሶሎኑ፣ የጨጓራው፣ የቫይረስ መከላከያው፣ ያ ወፍራሙ ካልሲየም። ጠዋት ከቁርስ ጋር ሁሉንም አንድ ላይ ይውጣቸዋል። አንድም ቀን አልሳትንም።

የመጨረሻው ነገር ይኸውላችሁ። እሱ ሲመረመር እኔም ተመረመርኩ። ቲኤስኤቼ 5.6፣ ታይሮይድን የሚያጠቃ አንቲቦዲ ደግሞ አለብኝ። ሐኪሜ "ሐሺሞቶ ነው፣ ለጊዜው እንከታተለው" አለኝ፤ የራስ ተከላካይ ሴሎች ታይሮይድን የሚያጠቁበት በሽታ ነው። እናቴም አክስቴም የታይሮይድ ሕመም አለባቸው። ሴሎቼን ስሰጥ አንቲቦዲው ነበረብኝ? ያኔ አልተለካም።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄ አለኝ። የወንድሜን ታይሮይድ ያጠፉት የእኔ ሴሎች ናቸው? ቁጥሩስ ለምንድነው እምቢ ያለው?

ዘጠነኛ ዓመቱን የያዘ፦

እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር፤ እሱ ዛሬ ማታ የሚስተካከል ነው።

ካልሲየሙን ከሳጥኑ የጠዋት ክፍል አውጪው! ካልሲየም ሌቮታይሮክሲንን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል፣ ወደ ደም እንዲገባ አይፈቅድለትም። አይረንም እንደዚሁ ነው። ቢያንስ አራት ሰዓት መራራቅ አለባቸው። ሌቮታይሮክሲኑ ራሱ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ በፊት ከሠላሳ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው የሚዋጠው። ቡናም ቢሆን ከዚያ በኋላ። ወንድምሽ በየቀኑ ክኒኑን እየዋጠ ግማሹን ሳያገኘው ቀርቶ ይሆናል።

እኔ ይህን ያወቅሁት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። ከተተከለልኝ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በሦስተኛው ዓመት ደረጃ መውጣት አቃተኝ። አራት ደረጃ ወጥቼ የእጅ መደገፊያውን ይዤ እቆማለሁ። ጭኔ የራሴ አልመስልህ አለኝ። ስቴሮይድ ጡንቻ ያደክማል ተብዬ ስለነበር አልገረመኝም። ለባለቤቴም "ይኸው ነው እንግዲህ፣ የተረፍኩበት ዋጋ ነው" አልኳት። ሁለት ዓመት እንደዚያ ኖርኩ። ሲለካ ቲኤስኤቼ ከ50 በላይ ነበር። ኮሌስትሮሌም ወጥቶ ስለነበር የኮሌስትሮል መድኃኒት ሊጀምሩልኝ ነበር። ታይሮይዱ ሲስተካከል ኮሌስትሮሉ ብቻውን ወረደ።

ሁለት ዓመቴን ማን ይመልስልኛል? ይህን የምለው ሰው ለመውቀስ አይደለም። ንቅለ ተከላ ያለፈ ሰው ሲደክመው ሁሉም፣ ራሱ ታማሚውም ጭምር፣ ምክንያቱን አስቀድሞ ያወቀው ስለሚመስለው ነው። ድካም፣ የቆዳ ድርቀት፣ የፊት ማበጥ፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀት ሁሉም ለጂቪኤችዲም ለስቴሮይድም ይሰጣሉ። ታይሮይዱ በእነሱ ጥላ ስር ይደበቃል።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። ሌቮታይሮክሲን የሰው ሠራሽ ስሙ ነው እንጂ ዋናው ሆርሞን ታይሮክሲን ይባላል። ኤድዋርድ ኬንዳል የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት ነው እ.ኤ.አ. በ1914 በገና ዕለት መጀመሪያ ለይቶ ያወጣው። ይኸው ሰው በኋላ ኮርቲዞንን ለማግኘት ከሠሩት አንዱ ሆኖ በ1950 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ፕሬድኒሶሎን ደግሞ የዚያው የኮርቲዞን ዘር ነው። ያንን ካነበብኩ ወዲህ ሁለቱን ክኒን እጄ ላይ ሳስቀምጥ ያ ሰው ትዝ ይለኛል። ወንድምሽም ሁለቱን ይዟል። አይዞሽ።

ሲስተር በክትትል ክፍል፦

ንቅለ ተከላ ያለፉ ሰዎችን የረጅም ጊዜ ክትትል በሚያደርግ ክፍል ውስጥ ነርስ ነኝ። የወንድምሽን ፋይል ስላላየሁ የምጽፈው ለሐኪሙ ጥያቄ ይዘሽ እንድትሄጂ ነው።

ወንድማችን ስለ ካልሲየሙ ያለው ትክክል ነው። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውም መድኃኒት በተወሰነ ደረጃ መምጠጡን ያዳክማል። እሱ ለወንድምሽ የሚያስፈልግ ሊሆን ስለሚችል በራስሽ እንዳታቆሚው፣ ብቻ ንገሪያቸው። አንጀቱ ላይ ጂቪኤችዲ ካለ፣ ተቅማጥ ካለው፣ እሱም ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። ዶዙን ከማሳደግ በፊት አወሳሰዱን ማስተካከል ይሻላል። ሁለቱ አንድ ላይ ከተደረጉ፣ ክኒኑ በድንገት ሙሉ በሙሉ መግባት ሲጀምር ዶዙ ሊበዛበት ይችላል። ልቡ ትመታለች፣ እንቅልፍ ያጣል። ከተስተካከለ በኋላ ደግሞ በሳምንቱ አትለኩ። ታይሮክሲን ደም ውስጥ ግማሹ ለመውጣት ሰባት ቀን ያህል ይፈጅበታል፣ ቲኤስኤች ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ ነው የሚከተለው። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ጠብቁ።

ለጸጉርና ለጥፍር የሚሸጥ ቫይታሚን ይወስዳል? ባዮቲን ካለበት አንዳንድ የላብራቶሪ መሣሪያዎችን ያሳስታል። ቲኤስኤችን ከእውነተኛው አሳንሶ፣ ቲፎርን ደግሞ አግንኖ ያሳያል። ከምርመራው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ማቆም ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄሽ። ሦስት ነገር ነው የማየው።

የመጀመሪያው ጨረሩ ነው። ታይሮይድ አንገት ላይ፣ ከቆዳ ስር ብዙም ሳይርቅ ነው ያለው። መላ ሰውነት ጨረር ሲሰጥ ሳንባን በመከለያ መጋረድ የተለመደ ነው፤ አንገት ግን ብዙ ጊዜ አይጋረድም። 12 ግሬይ በስድስት ተከፍሎ መሰጠቱ ድሮ በአንድ ጊዜ ይሰጥ ከነበረው በጣም ይሻላል። አደጋውን ግን አያስቀረውም። ጉዳቱ ያን ዕለት አይታይም። ወራት፣ ብዙ ጊዜም ዓመታት ቆይቶ ነው የሚመጣው። ጨረር ጨርሶ ያልነካቸው፣ ቡሰልፋንና ሳይክሎፎስፋማይድ በሚባሉ የኬሞ መድኃኒቶች ብቻ የተዘጋጁ ሰዎችም ታይሮይዳቸው ሲደክም እናያለን።

ሁለተኛው ጂቪኤችዲው ራሱ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሥር የሰደደ ጂቪኤችዲን ለመለየት የሚሠራበት መስፈርት አለ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2005 አውጥተው በ2014 ያደሱት ነው። ቆዳ፣ አፍ፣ ዓይን፣ አንጀት፣ ጉበት፣ ሳንባ፣ መገጣጠሚያ፣ የመራቢያ አካል እየተነሱ ነጥብ ይሰጣቸዋል። ታይሮይድ ከእነሱ ውስጥ የለም። ስለዚህ "የታይሮይድ ጂቪኤችዲ" ብሎ የሚጽፍ ሐኪም አታገኚም። ይህ ማለት ግን የተዛባው የመከላከያ ሥርዓት ታይሮይዱን አይነካውም ማለት አይደለም።

ሦስተኛው አንቺ የፈራሽው ነው። እውነቱን ልንገርሽ፤ አለ። ሐሺሞቶ ወይም ግሬቭስ (ታይሮይድን ከልክ በላይ የሚያሠራ ተመሳሳይ በሽታ) ያለባቸው ሰዎች ሲሰጡ፣ ቀድሞ ታይሮይዱ ጤነኛ የነበረ ተቀባይ ያንኑ በሽታ ሲያሳይ በሕክምናው ዓለም ተመዝግቧል። ሴሎቹ ታይሮይድን የሚያውቁበትን ስህተት ይዘው ይሻገራሉ። የወንድምሽ አንቲቦዲ ከተለካ ወደዚያ ያዘነብል እንደሆነ ፍንጭ ይሰጣል። ግን ጨረሩም እዚያው ስላለ፣ ይህን ያህሉ የጨረሩ፣ ይህን ያህሉ የሴሎቹ ብሎ የሚከፍል ምርመራ የለም። ሕክምናው ደግሞ በሦስቱም አንድ ነው።

አሁን የምጽፈውን በደንብ አንብቢው። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው፣ ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢ ይተኛል። ፕሬድኒሶሎኑ ከ5 ሚሊግራም በታች መውረድ ሲጀምር ዕጢው መንቃቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ታይሮይድ ሲስተካከል ሰውነት ኮርቲዞልን፣ ያ ዕጢ የሚሠራውን ሆርሞን፣ ቶሎ ቶሎ ያቃጥላል። አድሬናሉ እንደተኛ ታይሮይዱ ብቻ ከተሞላ ሰው በድንገት ሊወድቅ ይችላል። ሲቆም ካዞረው፣ ካስመለሰው፣ ከወትሮው የተለየ መዝለፍለፍ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ወደ ድንገተኛ ውሰጂው። ስቴሮይዱን ከመቀነሳቸው በፊት የጠዋት ኮርቲዞል ይለካ እንደሆነ ጠይቂ።

አንድ ደግሞ። ስቴሮይዱ በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ ቲኤስኤችን ራሱ ይጫነዋል። በዚያ ወቅት የተለካ ቁጥር ጤነኛ ቢመስልም ብዙ አትመኑበት። ከንቅለ ተከላ በኋላ ቲኤስኤችና ፍሪ ቲፎር በየዓመቱ፣ ዕድሜ ልክ መለካት ነው ያለባቸው። ጨረር የወሰደ ሰው አንገቱም በየዓመቱ በእጅ ይዳሰስ። የታይሮይድ ካንሰር አደጋ በዚህ ቡድን ከሌላው ሕዝብ ከፍ ያለ ነው፤ በተለይ በልጅነት በተተከለላቸው።

የሁለት ልጆች እናት፦

ልጄ፣ የጻፍሽውን ሳነብ እንባዬ መጣ። የእኔ ትንሹ በስድስት ዓመቱ ነው የተተከለለት፤ ሰጪው ታላቅ ወንድሙ ነበር፣ ያኔ ገና የአሥር ዓመት ልጅ። ታይሮይዱ በአሥራ አንድ ዓመቱ ደከመ። እንዴት እንደታወቀ ልንገርሽ። በሩ ፍሬም ላይ ቁመቱን በእርሳስ እያሰመርኩ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ መስመሩ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። የታላቁ ስምንት ሴንቲሜትር ሲወጣ የእሱ ባለበት። ወረቀት ላይ በእርሳስ ገልብጬ ለሐኪሙ ይዤለት ሄድኩ። ልጅ ሲሆን እንዲህ ነው፤ ደከመኝ አይልም፣ ዝም ብሎ አያድግም።

ታላቁ ልጄ ያንቺን ጥያቄ አንድ ቀን ጠየቀኝ። "እማ፣ እኔ ነኝ ያሳመምኩት?" አለኝ። አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። ሐኪሙ ፊት ይዤው ሄጄ ራሱ እንዲጠይቅ አደረግሁት። ከእኔ ይልቅ ከሐኪሙ መስማቱ ጠቀመው። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። ጥያቄውን በሆድሽ ይዘሽው አትዙሪ።

ታላቅ እህት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ትናንት ማታ ሳጥኑን ከፈትኩት። የሰባቱንም ቀን ካልሲየም አንድ በአንድ አወጣሁ። ነጭ ዱቄቱ ትንሿ ክኒን ላይ ተለጥፎ ነበር። አራት ወር ሙሉ በገዛ እጄ አጠገብ ለአጠገብ እያስቀመጥኩ ነበር ማለት ነው። ማዘዣው ወረቀት ላይ "ጠዋት አንድ" ይላል፣ ለሁለቱም። ከዚያ በላይ የነገረን ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

ሲስተር፣ እርስዎ የጻፉትን አትሜ ይዣለሁ። ቫይታሚኑን በተመለከተ አዎ፣ አለ። ጸጉሩ ሲሳሳ እኔ ነኝ የገዛሁለት። ከፍተኛ ባዮቲን ነው ያለበት፣ አሁን አየሁት። እና ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ ግድግዳ ይይዛል። ታይሮይዱ ነው ብዬ ነበር። ነገ ጠዋት እደውላለሁ።

እናቴ፣ ስለ በሩ ፍሬም የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅዎን እግዚአብሔር ያሳድግልዎ። እርስዎ እንዳሉት አደርጋለሁ።

ከእህቴ የተቀበልኩ፦

በሌላኛው ወገን ያለሁት እኔ ነኝ። ሴሎቹን የተቀበልኩት። እህቴ ስለሰጠችኝ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። አፌ፣ ዓይኔ፣ ታይሮይዴ፣ ሦስቱም ተነክተዋል። አንድ ነገር ልንገርሽ ብዬ ነው የገባሁት።

እኛ ጋ አንድ ሐኪም ያስረዳኝ ነገር አለ። ጂቪኤችዲ የሚያመጡት የሰጪው ቲ ሴሎች፣ ማለትም ተከላካይ ነጭ የደም ሴሎች፣ ተደብቀው የቀሩ የሉኬሚያ (የደም ካንሰር) ሴሎችንም ፈልገው የሚገድሉት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ቲ ሴሎቹን ጠራርገው አጥፍተው የማይሰጡት፤ ያንን ሲያደርጉ ጂቪኤችዲው ይቀንሳል፣ ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ ግን ከፍ ይላል። የወንድምሽ ካንሰር ሦስት ዓመት ዝም ያለው ጨረሩና ኬሞው ብቻ ጠብቀውት አይመስለኝም። አፉን የነካው እጅና ካንሰሩን የያዘው እጅ አንድ ነው።

እህቴ ለሁለት ዓመት ከእኔ ጋር ስትሆን ዓይኔን አታይም ነበር። የዓይን ጠብታዬን ሳወጣ ፊቷን ታዞራለች። ድክመቴ አስቀይሟት መስሎኝ እኔም ዝም አልኩ። በኋላ ስንነጋገር ነው የታወቀው፤ እሷ ራሷን እየወቀሰች፣ እኔ ደግሞ የሸክም ያህል ሆኜባታለሁ እያልኩ። ሁለት ዓመት! ለወንድምሽ ስለ አንቲቦዲሽ ነግረሽዋል? ካልነገርሽው ንገሪው። ከወረቀት ላይ ከሚያነበው ከአፍሽ ይስማው።

ዘጠነኛ ዓመቱን የያዘ፦

የእህታችንን ሐሳብ እደግፋለሁ። ግድግዳ ይይዛል ያልሽው ግን አሳስቦኛል። ምን አሉሽ? ስትችዪ ጻፊልን።

ታላቅ እህት፦

ይቅርታ፣ ዘገየሁ። ዘጠኝ ሳምንት ሆነኝ።

በነጋታው ደውዬ ነገርኳቸው። በዚያው ሳምንት ጠዋት፣ ፕሬድኒሶሎኑን ሳይውጥ ኮርቲዞሉ ተለካ። ዝቅ ያለ ነው። አድሬናሉ ገና አልነቃም አሉን። ወደ 4 ሚሊግራም ሊያወርዱት የነበረውን አቆሙት፣ በ5 ላይ እንዲቆይ ተደረገ። ሲያመው ወይም ትኩሳት ሲይዘው እንዴት እንደሚጨምር በወረቀት ተጽፎ ተሰጠው። ወረቀቱ የኪስ ቦርሳው ውስጥ ነው፣ ፎቶውም የሁላችንም ስልክ ላይ አለ። ሲስተር፣ እርስዎ ባይጽፉ ኖሮ በዚያው ሳምንት ይቀንሱለት ነበር። ምስጋናዬን እንዴት እንደምገልጽልዎ አላውቅም።

ሌቮታይሮክሲኑ በዚያው በ75 ቀጠለ። አወሳሰዱ ብቻ ነው የተቀየረው። አሁን አልጋው አጠገብ፣ ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ጋር ለብቻው ይቀመጣል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይውጠዋል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቁርስ። ካልሲየሙ ወደ ማታ ሄደ። ቫይታሚኑን ጣልኩት። በሰባተኛው ሳምንት ተለካ፤ ቲኤስኤች 7.9፣ ፍሪ ቲፎር 1.0። ከ29 ነው የወረደው፣ በዚያው ዶዝ! ወደ 100 መውጣቱ ቀረ፤ ወደ 88 ከፍ አድርገውለታል። የአንገቱ አልትራሳውንድም ታየ። ዕጢው ትንሽ ሆናለች፣ እባጭ ግን የለባትም።

አንቲቦዲውም ተለካ። አለበት። እንደ እኔው።

ሐኪሟን እኔው ራሴ ጠየቅኋት። ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። "ከእኔ ነው የሄደበት?" አልኳት። "ሊሆን ይችላል። ጨረሩም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም አብረው የሠሩት ይመስለኛል" አለችኝ። አላድበሰበሰችም፣ ለዚህ አከብራታለሁ። ከዚያ ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። አሁን ቶሎ ይመልሳል፣ እንደ ድሮው አይደለም። "በቀን አንዲት ትንሽ ክኒን ናት። አንቺ ግን ከዚያ በላይ ተሸክመሻል" አለኝ። ሐኪሟ ፊት አለቀስኩ። እሱም።

ከእህትሽ የተቀበልሽው፣ ያልሽኝን አንድ ቀን ቀድሜ ነበር የነገርኩት። መኪና ውስጥ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ። እሱ ቀድሞ ገምቶት ኖሯል። የእኔ ውጤት የመጣ ቀን ፊቴን አይቶ ያወቀ መሰለኝ።

የእኔ ቲኤስኤች 5.8 ነው። መድኃኒት አልጀመርኩም፣ ከስድስት ወር በኋላ ደግሜ እለካለሁ።

ሹራቡ ወደ አንድ ወርዷል። ድምፁ ገና ትንሽ ይጎረናል፤ ስልክ ሲደውል ግን አባቴ አይመስለኝም። ትናንት እሁድ ሳጥኑን ልሞላለት ስሄድ ራሱ ሞልቶ ጨርሶ አገኘሁት። የማታውን ክፍል ብቻ እንዳይለት ጠየቀኝ። ሰባቱንም ከፍቼ አየሁ። ካልሲየሞቹ በቦታቸው ነበሩ።

የሚቀጥለው ምርመራ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ውጤቱን እጽፍላችኋለሁ።